ቀለሟን ያልጠየቅንላት ድመት

ባለቤቴ ድመታችን ነጭ ናት ትላለች። እኔ ቀይ ናት እላለሁ። ይህ ክርክር ዕድሜው ከጋብቻችን ብዙም አያንስም፤ እውነቱን ለመናገር ትዳራችንን ካሞቁት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ሁለታችንም ዓይነ ስውር ነን። እሷ ከተወለደች ጀምሮ ብርሃን አይታ አታውቅም። እኔ ዓይኔ የጠፋው ልጅ ሆኜ ስለሆነ ቀለም ምን እንደሆነ አልረሳሁም፤ በዚህ ጉዳይ ከእሷ የበለጠ ሥልጣን አለኝ ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ቀይ ድመት ነበረቻቸው፤ ነካሽ፣ ኩሩ፣ ሲጠሯት የማትመጣ። የእኛዋም ቁርጥ እሷን ናት። ባለቤቴ ደግሞ፣ "ጥጥ ነጭ ነው አይደል የምትሉት? ይሄ ሁሉ ልስላሴ ነጭ ካልሆነ ቀለም የሚባለው ነገር ራሱ ውሸት ነው" ትላለች።

ዓይን ያለው ሰው ጠይቀን ነገሩን ማሳጠር እንችል ነበር። አልጠየቅንም። አንደኛ ሁለታችንም መሸነፍ አንወድም። ደግሞም ባለቤቴ አንድ ቀን፣ "ዕድሜ ልካችንን ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው ስንል ኖረናል። አንድ የማንጠይቀው ነገር ይኑረን" አለችኝ፤ ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ከበር፣ "የድመቷን ቀለም እንዳትናገር" እንላለን። ሰዉ ይስቃል፤ እኛ ግን የምራችንን ነው።

ድመቷን የሰጠችኝ የምሠራበት ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበረች። ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ "ስልክ ክፍል ውስጥ ብቻህን ተዘግተህ ትውላለህ፤ ጓደኛ ትሁንህ" ብላ በካርቶን አስታቀፈችኝ። እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው ሲያገናኝ የሚውል ሰው እንዴት ብቸኛ እንደሚባል አይገባኝም፤ ቢሆንም ተቀበልኩ። ሹሜ አልናት፤ ምክንያቱም ቤታችን ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ አዛዧ እሷ ነበረች።

ድመት ለማሳደግ ዓይን የግድ አይደለም፤ ዘዴ ነው የሚያስፈልገው። እንዳንረግጣት አንገቷ ላይ ትንሽ ደወል አሰርንላት። መጀመሪያ ሰሞን እኔ አበላታለሁ፣ ባለቤቴም እኔ ሳላውቅ ታበላታለች፣ ሹሜ ደግሞ ነገር የምታወጣ ዓይነት ስላልሆነች ዝም ብላ በልታ ጆንያ አከለች። ከዚያ በኋላ ከሣህኗ በላይ ገመድ ወጠርንና የልብስ መቆንጠጫ ሰካንበት፤ ጠዋት ያበላ ሰው መቆንጠጫውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ ማታ ያበላ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ለትል መድኃኒቷ ባለቤቴ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወስዳ ዘንጉን በሞረድ ጫር አደረገችው፤ ጥፍሯ ጭረቱ ላይ ሲያርፍ ልኩ ሞላ ማለት ነው። የሹሜን ጥፍር የምትቆርጠውም እሷ ናት፤ ሥጋው የት አልቆ ጥፍሩ የት እንደሚጀምር በጣቷ ታውቀዋለች። የባለቤቴ ዓይናማ ታላቅ እህት አንድ ቀን ልሞክር ብላ ክንዷ ተቦጫጭሮ ነው የሄደችው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሚዛናችን ነው። የኩሽና ሚዛን ነው፤ የተቀመጠበትን ነገር ክብደት በሴት ድምፅ፣ በሰው አገር ቋንቋ ይናገራል። ወይዘሮዋ እንላታለን። ከቋንቋዋ የተማርነው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ እሷም ከቁጥር ሌላ ወሬ የላትም። የሹሜን ምግብ ጠዋትና ማታ የምንሰፍረው በእሷ ነው። ሹሜ ስሟ ሲጠራ ጆሮዋን አትሰጥም፤ ወይዘሮዋ ቁጥር ስትጠራ ግን የትም ትሁን የት ደወሏን እያንቃጨለች ትደርሳለች።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለማንም አልተናገርንም። ሁለት ዓይነ ስውራን ሲጋቡ ሰው ያጨበጭባል፤ ልጅ ሊወልዱ ነው ሲባል ግን የሰዉ ድምፅ ይለወጣል። የሰው ድምፅ ሲለወጥ ደግሞ ከእኔ አያመልጥም፤ ሥራዬ ነው። ከሁሉ በላይ የፈራነው ታላቅ እህቷን፣ እቴቴን ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ባለቤቴን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ስለዚህ እንደ እናትም እንደ አለቃም ያደርጋታል። ሹሜን ያመጣን ሰሞን እየሳቀች፣ "እስቲ መጀመሪያ እሷን በደህና አሳድጉ፣ ስለ ሌላው ከዚያ እናወራለን" ብላን ነበር። ቀልድ ነው። ባለቤቴ ግን ቀልዱን ወስዳ ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው። ማርገዟን ሐኪሙ የነገረን ቀን፣ ገና ደስታውን እንኳ ሳናጣጥመው፣ ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር፣ "ሹሜ ደህና ናት አይደል?" ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ቀየርን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አንድ ክፍል የሚተርፈው ቤት ነው። ባለቤቴ ሹራብ ሠሪ ስለሆነች፣ ትርፉ ክፍል ለሹራብ ማሽኑ ነው ብለን ለእቴቴ ነገርናት። ልትረዳን መጥታ ነበር። እቴቴ ስትረዳ እግዜር ያሳያችሁ፤ ያነሳችውን ሁሉ ለዓይን በሚያምርበት ቦታ ታስቀምጥና ትሄዳለች፣ እኛ ለሳምንት ጨው ፍለጋ ግድግዳ እንዳብሳለን። ብትለፋልንም ብታለፋንም እህት ናት። አመስግነን ሸኘናት፣ ድካሙ ስለጣለን እንደወደቅን ተኛን።

እሑድ ጠዋት የሹሜን ምግብ ሚዛኑ ላይ አደረግኩ። ወይዘሮዋ ቁጥሯን ጠራች። ደወል አልተሰማም። ሣህኑን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ደግማ ጠራች። ጸጥ። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት።

በእጅና በጉልበታችን እየዳኸን ቤቱን አሰስነው። አልጋ ሥር፣ ያልተፈታ ካርቶን ውስጥ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ መሀል። ባለቤቴ መደርደሪያውን ስትዳብስ የሹሜን የአንገት ማሰሪያ ከነደወሉ አገኘችው፤ በደንብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስገባ ፊቴን ነፋስ መታኝ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከሥሩ የታችኛው ቤት ጣሪያ እንዳለ እቴቴ ራሷ ነበረች የነገረችን። ደወሉን እኛ አላወለቅንም፣ መስኮቱንም እኛ አልከፈትንም። ደሜ ፈላ።

"ልደውልላት ነው" አልኩ።

"አትደውልም።"

"መስኮት ከፍታ ጥላ የሄደችው እሷ፣ የምንሳቀቀው እኛ?"

"ማን ከፈተው አይባልም። ድመቷ ጠፋችባቸው ነው የሚባለው።" ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። "ዛሬ ይሄን ካወቀች፣ ስለ ልጁ ስነግራት የምትመልስልኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ሳታውቅ እናግኛት።"

ንዴቴን ዋጥኩት። ባለቤቴ የፎቁን በሮች ልታንኳኳ፣ እኔ መንገዱን ልጠይቅ ተከፋፍለን ወጣን።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። እኔ በትሬን እያንቋቋሁ ለባለሱቋ ነገርኩ፣ ለጎማ ጠጋኙ ነገርኩ፣ ለፎቁ ዘበኛ ነገርኩ። ሁሉም፣ "ምን ዓይነት ድመት?" ሲሉኝ፣ ምንም ሳላመነታ፣ "ቀይ" አልኩ። ለሠፈሩ እንግዳ ስለሆንን ሹሜን አይቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰዉም ደግ ሆኖ እየተጠራራ ፍለጋ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ክንዴን ያዙኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሲናገሩ አይቸኩሉም።

"ልጄ፣ የጠፋባችሁ ድመት ስንት ነው?"

"አንዲት ናት፣ አባባ።"

"ኧረ አይሆንም። ከላይ የወረዱት ሰዎች ነጭ እያሉ ነው የሚፈልጉት። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ነጭ ድመት ይዛ መጥታለች፤ የድመቷ ባለቤት ሌባ ሌባ እያለ ከኋላ ከኋላዋ ነው።"

ባለቤቴ ደረጃውን ስትወርድ ሰምታናለች። "ቀይ ብለህ ነው የነገርካቸው?" አለችኝ።

"አንቺስ ነጭ አላልሽም?"

እዚያው ደረጃው ሥር፣ ሰው ከብቦን፣ ተያያዝነው። ክርክሩን አፋችን ስለለመደው ማቆም አቃተን፤ ጥጡም መጣ፣ የልጅነት ጎረቤቴ ነካሽ ድመትም መጣች። ዘበኛው አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የገዛ ድመታችሁን ቀለም አታውቁትም ማለት ነው?" አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አለማወቃችን ራሱ አልታወቀንም ነበር። እርግጠኞች ነበርን እኮ።

"እንደሱ ከሆነስ ጥፋት አጥፍቻለሁ" አሉ ዘበኛው። "ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ማገዶው ላይ አንዲት ድመት ስትጮህ ነበር። እናንተ ከጠየቃችሁኝ በኋላ ነው ያየኋት። ጥቁር ስለሆነች የእናንተ አይደለችም ብዬ በመጥረጊያ አባረርኳት።"

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። ሽማግሌው ምን አጠፉ? ያባረርናት እኛው ነን፣ አንዳችን በነጭ አንዳችን በቀይ። ግን ያቺ ጥቁር ድመት ሹሜ ናት ወይስ የሌላ ሰው? የሰጠችኝ አብሳይ ስልኳን ከቀየረች ቆይታለች። ከእንግዶቻችን ማንንም ብንጠይቅ ደግሞ ወሬው እቴቴ ጋ መድረሱ አይቀርም፤ ያለው መንገድ ራሷን መጠየቅ ነው።

ባለቤቴ ከአጠገቤ ቆማ ስልኳን በእጇ ስታገላብጥ ይሰማኛል። ይህ የእሷ ውሳኔ ነው፤ እኔ ልወስንላት ብሞክር ዕድሜ ልኬን አልድንበትም። ከዚያ ደወለች።

"እቴቴ፣ የሹሜ ቀለም ምንድን ነው?"

እቴቴ ከት ብላ ስትስቅ እኔም ጋ ተሰማ። "በመጨረሻ ተሸነፋችሁ? ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ጥቁር ናት፤ ሆዷ ብቻ አመድማ ነው። እናንተ ስትጣሉ ሳቄን አፍኜ አፍኜ ልሞት ነበር።" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ምን ተገኝቶ ነው ዛሬ የጠየቅሽኝ?"

መዋሸት ትችል ነበር። ዝም ብሎ አማረኝ ብትላት እቴቴ ታምናት ነበር።

"ጠፍታለች" አለች ባለቤቴ።

እቴቴ፣ "መጣሁ" ብላ ዘጋችው።

ባለቤቴ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ "ጥቁር" አለች ለራሷ። "ጥቁርም እንዲህ ይለሰልሳል ማለት ነው።" እኔም አልደብቅም፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ስለ ቀዩ ትንሽ ከፋኝ።

ዘበኛው እየመሩን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ደረስን። ማገዶው እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ከክምሩና ከቆርቆሮው አጥር መሀል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ጠራናት፣ ለመንናት። በመጥረጊያ የተባረረች ኩሩ ድመት በልመና እንደማትወጣ ማወቅ ነበረብን።

"ወይዘሮዋን አምጣት" አለችኝ ባለቤቴ።

ሦስት ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። ሚዛኑን መሬት ላይ ክፍተቱ ፊት አስቀምጬ የሹሜን ሣህን ጫንኩበት። ወይዘሮዋ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ድምፅዋን ለቀቀችው። ሣህኑን አነሳሁ፣ ጫንኩ፤ እንደገና አነሳሁ፣ ጫንኩ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ዱቄት በዱቄት ሆነው ወጡ መሰለኝ፣ ሽታቸው ከበበን። አንዱ፣ "ምንድን ነው የምትሸጡት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ትዕግሥት" አልኩት። "አልቋል።"

እቴቴ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች ስትመጣ ጫማዋን ለየሁት። ሰላምም አላለችን። "እዚህ የለችም። ጣሪያውም ላይ የለችም። ከመኪናው ሥር እስቲ ቆይ" እያለች ከወዲያ ወዲህ ትራወጣለች።

"እቴቴ፣ ዝም በይ" አለች ባለቤቴ። "ቁሚና ዝም በይ።"

እቴቴን ዝም በይ ያላት ሰው ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እቴቴም ዝም ስትል እንደዚሁ። ባለቤቴ ምግቡን ከሣህኑ ገልብጣ ሚዛኑ ላይ በተነችው፤ ሁላችንንም ወደ ኋላ እንድንርቅ አደረገችን። ጋጋሪዎቹ ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከማገዶው ውስጥ ቅርፊት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቆመ። እንደገና ተሰማ። የባለቤቴ ጣቶች ክንዴን ጨምድደውታል።

ወይዘሮዋ ማንም ሳይነካት ተናገረች። የጠራችው ቁጥር የምግብ ቁጥር አይደለም፤ ትልቅ ነው፣ ኪሎ ያለው ቁጥር ነው።

ባለቤቴ ቀድማኝ ተንበርክካለች። አልጠራቻትም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ አነሳቻትና ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ፣ ከሆዷ እስከ እያንዳንዱ እግሯ በጣቶቿ መረመረቻት። የኋላ መዳፏ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ስንጥር ገብቶባታል" አለች።

እቴቴ ጎንበስ ብላ፣ "የቱ ላይ? እኔ ምንም አይታየኝም" አለች። እሷ ይህን ስትል ባለቤቴ የሹሜን ራስ ብብቷ ውስጥ ይዛ ስንጥሩን በጥፍሯ መንጥቃው ነበር።

ወደ ላይ ስንወጣ በየደረጃው ለእቴቴ የምናገረውን አሰናዳሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ስለ ደወሉ አንድ ክፍል፣ ስለ መስኮቱ አንድ ክፍል፣ መጨረሻው ላይ ስለ ጨው ጥቂት ቃላት። ቤት ገብተን በሩን ዘግቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ እቴቴ ቀደመችኝ።

"ደወሉ ራሴን ሲያዞረኝ ጊዜ አወለቅኩት" አለች። "መስኮቱንም እኔ ነኝ የከፈትኩት። አየር ገባ ገባ ይበል ብዬ። ስሄድ ልዘጋው ነበር፣ ረሳሁት።"

የተናደደን ሰው እንዲህ ካለ ኑዛዜ የበለጠ የሚጎዳው ነገር የለም። ያ ሁሉ ንግግር ከነክፍሎቹ ሜዳ ላይ ቀረ። ሹሜ ከባለቤቴ ጭን ወርዳ ሣህኗ ጋ ሄዳ ስትበላ ይሰማል።

"እቴቴ" አለች ባለቤቴ፣ በሩን ዝጊው እንደሚል ሰው፣ "ነፍሰ ጡር ነኝ።"

አላማከረችኝም። ዛሬ ትናገራለች ብዬም አልጠበቅኩም፤ ዛሬ ከሁሉም ቀን የከፋው ቀን መስሎኝ ነበር። እቴቴ አልመለሰችም። ስልክ ላይ ብዙ ዓይነት ዝምታ አውቃለሁ፤ ቃል የሚፈልግ አለ፣ መርዶ የሰማ አለ፣ አፍ ሸፍኖ ከሌላ ሰው ጋር የሚመካከር አለ። ይሄኛውን ግን ምን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

"ምን ትያለሽ?" አለቻት።

"ምን እላለሁ?" የእቴቴ ድምፅ ከታች መጣ፤ ለካ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። አፍንጫዋን ተናፈጠች። "እኔ በሁለት ዓይኔ ድመት ያጠፋሁ ሴትዮ ምን አፍ አለኝ? ልጁን ብቻ እኔ ዘንድ ጥላችሁ እንዳትሄዱ።"

ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች፤ እጄን ሳትለቅ፣ ወደ እህቷ ወለሉ ላይ እየተቀመጠች፣ እኔንም አብራ እየጎተተች። እነሱ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።